አራት በር ያላት የመሐል ኳስ፦ የመምህርት ኤነሌሲ ማጎምቦ የሕይወት ታሪክ (1957–2023)

መምህርት ኤነሌሲ ማጎምቦ ከአባታቸው ከአቶ ላይትዌል ምኩምባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሴቲ ናምፑታ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1957 በማላዊ፣ በዞምባ አውራጃ፣ በናምቴማ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በዞምባ ተራራ ላይ ግንድ የሚሰነጥቁ የመጋዝ ሠራተኛ፣ እናታቸው ሩዝ አምራች ነበሩ። ከሰባቱ ልጆች አራተኛዋ፣ ከሁሉም አጭሯ እሳቸው ነበሩ። የቁመታቸው ነገር ሲነሳ ስለማይወዱ ከዚህ በላይ አንገፋበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በናምቴማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ኳስ በእጅ እየተቀባበሉ ምሰሶ ላይ ባለ ቀለበት የሚያስገቡበትን ኔትቦል በሚጫወተው ቡድን ውስጥም ተመዘገቡ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከሜዳ ውጭ ቆመው ያመለጠ ኳስ ሲያመጡ ከረሙ። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ተጫዋች ወባ ይዟት ስትቀር መሐል ሜዳ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሊያስወጣቸው የቻለ አልተገኘም። ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1978 በተማሩበት በዚያው ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። የሒሳብ መምህርትና የልጃገረዶች አሠልጣኝ ሆነው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ።

በ1980 የሁለቱ ወገን አጎቶች ተነጋግረው ከአናጢው ከአቶ ዊሊያርድ ማጎምቦ ጋር ትዳር መሠረቱ። ከሠርጉ በፊት ሙሽራዋ ለትምህርት ቤቱ ሁለት የኔትቦል ምሰሶ እንዲሠሩላቸው ጠይቀዋል ይባላል። አቶ ዊሊያርድ ግን ይህ ሲነገር በሰሙ ቁጥር፣ “አልጠየቀችኝም፤ አዘዘችኝ” እያሉ ያርሙ ነበር። የባሕር ዛፍ ምሰሶዎቹ ዛሬም ቆመዋል። ከትዳራቸውም ሃሪሰንን በ1981፣ ዚዮኔን በ1984፣ ክሌመንትን በ1988 ወለዱ።

የመምህርት ኤነሌሲን ሕይወት ለሁለት የከፈለው ቀን በጁላይ 1998 የዋለው የአውራጃው የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ነው። ናምቴማና ተፎካካሪው የሊኮንዴ ትምህርት ቤት አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት ነበሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣ ከየጎሉ በኋላ ከሜዳው መሐል ክበብ ጨዋታውን የምታስጀምረው የመሐል ኳስ የናምቴማ ሆነች። ክበቡ ውስጥ ኳሷን ይዛ የቆመችው የአሥራ አራት ዓመቷ ዚዮኔ ነበረች፤ ፊሽካው ከተነፋ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማቀበል አለባት። እናቷ ከዳር ሆነው፣ “ለክንፍ አጥቂዋ! ለክንፍ አጥቂዋ!” ብለው ጮኹ። የክንፍ አጥቂዋ ግን በሁለት የሊኮንዴ ልጆች ተይዛ ነበር። ዚዮኔ የክንፍ አጥቂዋ እስክትለቀቅ ጠበቀች። ሦስቱ ሰከንድ አለፈ፣ ኳሷ ለሊኮንዴ ተሰጠች፣ ሊኮንዴም አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰደ። መንደሩ ለወራት ያማው ልጅቷን ነው። “ኳስ ታቅፋ ያንቀላፋችው” የሚል ስምም አወጣላት።

መምህርት ኤነሌሲ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ርእሰ መምህሩን አቶ ምቤዌን አስፈቅደው ፊት ለፊት ወጡና እንዲህ አሉ፦ “ልጅቷ አልተሳሳተችም። ያስተማርኳት አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ተዘጋ። ጥፋቱ የእኔ ነው።” ዚዮኔ ግን አላመነቻቸውም። ማታ ኩሽና ውስጥ፣ “እማ፣ እናቴ ስለሆንሽ ነው እንዲህ ያልሽው” አለቻቸው። እሳቸውም ማማሰያውን ሳያስቀምጡ፣ “እሺ፣ አትመኚኝ። ሜዳ ላይ አሳይሻለሁ” አሉ። ዚዮኔ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካችም። እናቷም ቃላቸውን አልረሱም።

ከዚያ በኋላ ናምቴማ ውስጥ የመሐል ኳስ አራት በር ኖራት፤ ከፊት ሁለቱ አጥቂዎች፣ ከኋላ ሁለቱ ተከላካዮች። መምህርት ኤነሌሲ በየቀኑ ከሰዓት ከምድጃቸው አመድ በሳፋ አምጥተው ክበቡን ያሰምሩ ነበር። ከዚያ ከአራቱ ልጆች ለአንዷ፣ ሲቆይም ለሦስቱ፣ “ፊሽካ ሲነፋ እንዳትንቀሳቀሺ” ብለው በጆሮ ይነግራሉ። ክበቡ ውስጥ ያለችው ልጅ ክፍት የቀረችውን በር ራሷ ፈልጋ ማግኘት አለባት። እሳቸው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው “አንድ፣ ሁለት” ብለው ይቆጥራሉ። ሁለት ብለው ኳሷ ተይዛ ስትጮህ ካልሰሙ፣ “ከአመዱ እንደገና!” ይላሉ። አንዳንድ ቀን ይህ አርባ ጊዜ ይደጋገማል።

በውድድር ቀን ደግሞ ሸንኮራ አገዳ ይዘው ይመጡ ነበር። ብዙ ሰው ሸንኮራ የሚወዱ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ አፋቸው ሥራ ካልያዘ እንደሚጮኹ ስለሚያውቁ ነው። በጥርሳቸው እየሸረከቱ፣ በንዴት ዓይናቸው እየቀላ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ጨዋታ ይጨርሱ ነበር። ናምቴማ የመጀመሪያውን ኳስ ወደ ኋላ ለተከላካይ ሲሰጥ ተመልካቹ ያፌዛል፤ “እናንተ ልጆች፣ ጎሉ እኮ በዚያ በኩል ነው! መንገድ የሚያሳያችሁ ጠፋ?” ይላል። በ2004 ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ፤ በ2012ም እንዲሁ። አቶ ዊሊያርድ በ2011 ባረፉ ጊዜ እንኳ ሐዘናቸው እንደወጣ ሳፋቸውን ይዘው ሜዳ ወርደዋል። በ2017 በጡረታ ሲሰናበቱ ትምህርት ቤቱ ብርድ ልብስ ሸለማቸው። በማግሥቱ ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ልምምድ መጡ።

በ2022 የልብ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ እንዲያርፉ ሲያዛቸው ወንበር ወደ ሜዳ አስወሰዱና፣ “ይኸው አረፍኩ” አሉ። ሕመሙ ግን እየጠና ሄዶ በጁላይ 2023 አልጋ ላይ አዋላቸው። ጁላይ 29 ቀን ቡድናቸው ከሊኮንዴ ጋር ለፍጻሜ ሲቀርብ እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ። ዚዮኔን፣ “እኔ መሄድ ስለማልችል ዓይኔ ሁኚ፤ አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትነግሪያቸው” ብለው ላኳት። ዚዮኔም ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ያን ሜዳ ረገጠች። በእጇም ለራሷና አብረዋት ከዳር ለሚቆሙት ሸንኮራ ይዛ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ እኩል ሆነው የመጨረሻዋ የመሐል ኳስ የናምቴማ ሆነች። ፊሽካው ተነፋ። ሁለቱም አጥቂዎች ተዘጉ። ኳሷ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ክንፍ፣ ከዚያ ወደ ጎል። የመጀመሪያው ሙከራ የብረቱን ቀለበት መትቶ ተመለሰ፤ አጥቂዋ ዘላ ያዘችውና አስገባችው። ዚዮኔ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደወለች። እናቷ ስለ ውጤቱ አልጠየቁም።

“የመጨረሻዋን የመሐል ኳስ ማን ያዛት?”

“ሜሊፋ። የክንፍ ተከላካይዋ።”

“ማን ነገራት?”

“ማንም፣ እማ። ሁላችንም አፋችን ውስጥ ሸንኮራ ነበር።”

 መምህርት ኤነሌሲ፣ “አየሽ ዚዮኔ? ያኔም የጎደለው በር ነበር እንጂ አንቺ አልነበርሽም” አሉ።

መምህርት ኤነሌሲ ማጎምቦ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ኦገስት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆች፣ ስምንት የልጅ ልጆችና ቁጥራቸውን መንደሩ የሚያውቀው የሜዳ ልጆች አፍርተዋል። የፍጻሜው ሽልማት ፍየል ነበር። ልጃገረዶቹ፣ “ማዳም ሳይድኑ አናርደውም” ብለው ሲቀልቡት ሰንብተው፣ ትናንት ራሳቸው እየጎተቱ ወደ ልቅሶው ቤት አምጥተውታል። ትናንት ማታ ከበቆሎ ገንፎው ከንሲማ ጋር የቀመሳችሁት ሥጋ እሱ ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ዚዮኔ ናት፤ እናቷ ያን ጠዋት በሰልፉ ፊት የተናገሩትን ዛሬ አምናለች። እግዚአብሔር የመምህርት ኤነሌሲን ነፍስ በሩን ከፍቶ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውና ለልጃገረዶቻቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።