ሰውዬው ተመልሶ የተመረጠ ሰሞን

ነጌሌ ቦረና፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓብዱልመጂድ፣ ናይሮቢ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። ቦረና «ነጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ብሎ ሰዉንም ከብቱንም አንድ ላይ እንደሚጠይቅ፣ እኔም አንተን፣ ልጆችህንና ሥራህን አንድ ላይ ሰላም ናችሁ ወይ እላለሁ። እኛ ከድካም በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሃያት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል።

አሜሪካኖች የበፊቱን ሰውዬ መልሰው ከመረጡት ወዲህ ሱቄ በር ላይ ክርክር አይጠፋም። ልብስ ሰፊው ሳሊም «ጦርነቱን ሁሉ ያስቆማል» ይላል። ዶሎ ኦዶ ለእርዳታ ድርጅት የሚነዳው ጃታኒ ደግሞ «እርዳታውን ነው የሚያስቆመው! እኔ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሬያለሁ» አለ። «አንቺስ ሸምሳ?» ሲሉኝ «እኔ ምን አውቄ» ብዬ ጨርቄን መለካት ቀጠልኩ።

በማግስቱ ግን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሟቹን ባለቤቴን ያስታመመችውን ሲስተር ሚልኪን «ይሄ በየሦስት ወሩ የምትሰጡት መድኃኒት ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«ከአሜሪካኖቹ ነው እትዬ። ይቀጥል አይቀጥል የነገረን የለም።»

«እንግዲያው የሚቀጥለውን ዙርም አሁን ጨምሪልኝ» ብላት፣ «አልችልም» ብላ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። መድኃኒቱ እዚያ ፋርማሲ በግዢ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ስሙን በስልክ እነግርሃለሁ። ለአንዲት ጎረቤቴ ነው። ስትደውል ሃያት ካነሳችው ግን ስለሱ አታንሳባት፤ ፈተና አለባት።

አላህ ጉልበትህን ያበርታልህ። ልጆችህንም በዓይኔ ለማየት ያብቃኝ።

እህትህ ሸምሳ