የተዘመዘመው ጨርቅ

ለልጄ፣

ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። አሁንም ጎማ ብቻዬን እፈታለሁ፣ የካንዴላ ክፍተት ያለ መነጽር አስተካክላለሁ፣ ከመኪና ሥር ገብቼ ማንንም ሳልጠራ እወጣለሁ፤ መውጣቱ ብቻ ከድሮው ትንሽ ረዘም ይላል። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ምሳዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ቢያርርም ራሴ እበላዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ፣ ከታች ያለውን ስታነቢ "አባቴ ጃጅቶ ሆድ ብሶት ነው" ብለሽ እንዳታልፊው ነው። አልጃጀሁም። የምጽፈውን አውቃለሁ።

አንቺስ እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ ወይስ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ካርቶን ማሸጉ አባሰብሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ የሌሊት ፈረቃውን ቀየሩለት? ትንሿስ እንዴት ናት? በስልክ ስትስቅ ሰምቻታለሁ እንጂ ፊቷን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው። ግንባሯ የእናትሽ ነው። እኔ አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፣ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ እጄ ዘገምተኛ ነውና ታገሺኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሲያልበኝ አይቶ "አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ" አለኝ። እምቢ አልኩት። ይህን ነገር በሰው እጅ ማጻፍ በሰው ጀርባ እንደ መደበቅ ሆነብኝ። ስለዚህ ፊደሉ ቢወላገድ የኔው ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ቮልሷ ደህና ናት። የፊት ፍሬኗን ወደ ዲስክ ቀየርኩት፣ ለብቻዬ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ወንበሮቿን ታፒሴሪው እንደገና አለበሰልኝ። ቀለሟ ያው አመዱ ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ "አሁን እረፍ" ሲለኝ፣ ያረፍኩት እሷ ሥር ተኝቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ከአሥር ዓመትሽ ጀምሮ ቅዳሜን ሙሉ አብረሽኝ ተኝተሻልና።

ወደ ነገሩ ልግባ። አንዳንዱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከሥሩ ካልጻፍኩት አቋርጬ የምሸሽ ይመስለኛል።

የዛሬ ስድስት ዓመት አንቺ ትልቁን ካርቡራተር ፈልገሽ አገኘሽ። "አባዬ፣ ዳገት ላይ እንደ ሰው ትሂድ" አልሽኝ። እኔ አልወደድኩትም ነበር፤ የፋብሪካ ነገር ሲነካ ደስ አይለኝም፣ ግን ያን ቅዳሜ እሺ ብዬ አብረን ገጠምነው። አንቺ ስትፈቺ እኔ እንደ ልማዴ የነፋስ ማስገቢያውን አፍ በጨርቅ ወተፍኩት፣ ዳዶ አምልጦ እንዳይገባበት። ቮልስ ውሃ የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋሱ የሚያልፍበት የላሜራ ቤት ውስጥ አንዲት ዳዶ ብትወድቅ ጣጣ ነው። ይህንን ላንቺ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። "የወተፍሽውን ቆጥረሽ አስገቢ፣ ቆጥረሽ አውጪ" እያልኩ ጆሮሽን ያደነቆርኩትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ እሁድ ይዘናት ወጣን። ከመኪና አጣቢው ግቢ፣ የድሮ የጀርመን መኪና ያለን ሰዎች ከምንሰበሰብበት፣ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተንጫጫና ቀጥ አለ። ሰዎቹ ገፍተው አስገቡን። ክዳኑን ስንከፍት የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። እዚያው፣ አሥር ወንድ ቆሞ እያየ፣ ያልኩሽን አልኩሽ። እዚህ አልደግመውም፣ አንቺ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። የመጨረሻውን ብቻ ልጻፈው፤ "ከዛሬ ጀምሮ መፍቻ ቁልፌን እንዳትነኪ" አልኩሽ። እጅሽን በቤንዚን ታጠብሽና በእግርሽ ሄድሽ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመትሽ ነበር።

ማታ እናትሽ ሰባቱን ጨርቆች ልታጥብ ስትሰበስብ "ስድስት ናቸው፣ አንዱስ?" አለችኝ። እኔም "ልጅሽን ጠይቂያት" አልኳት። ነገሩ እዚያ አለቀ።

ሞተሩን አልከፈትኩትም። በንዴት እንዳለ አውርጄ ጋራዡ ጥግ ሸራ አለበስኩትና ያገለገለ ሌላ ሞተር ገዝቼ ገጠምኩ። ካርቡራተርሽን ግን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ እያሳየሁ "ይህ የልጄ ሥራ ነው፣ ሞተር ጠብሳ አብልታኛለች" እል ነበር። ሰው ይስቅ ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ የማንም መኪና ሲግል "ልጅህን ጥራት" ይሉኛል፤ ስምሽን ትተው "እሳቷ" ነው የሚሉሽ። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺ ይህን አልሰማሽም ነበር፣ አሁን ከኔ ስሚው።

ባለፈው ወር የአሁኑ ሞተር የላሜራ ቤት በዝገት ተበሳ። የድሮው ሞተር ላሜራ ጤነኛ ስለነበር ሸራውን ገለጥኩና ፈታሁት። ላሜራው ሲነሳ ውስጡ፣ ዘይት ማቀዝቀዣው ላይ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር ተለጥፏል። በፒንሳ ሳብኩት። ጨርቅ ነው። ቬንትሌተሩ ከአፉ ስቦ ወስዶ ያንን መንገድ ዘግቶበታል። ፒስተኑን አውጥቼ አየሁት፤ የተቃጠለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ሦስተኛው ላይ ብቻ ባልሆነ። ይህን አንቺ ያን ቀን ሞተሩ ተከፍቶ ብታዪው በአንድ ደቂቃ ትነግሪኝ ነበር። ዕድሉን ነው የነፈግሁሽ።

የማን ጨርቅ ነው እንዳልል፣ የማን እንደሆነ ክሩ ይናገራል። እናትሽ ለኔ የምትሰጠኝን ጨርቅ ሁሉ ክሩ ተፈትቶ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን ዙሪያውን በቀይ ክር በእጇ ትዘመዝመው ነበር። አንቺ በእነሱ አትሠሪም ነበር። "እማዬ ደክማበታለች፣ ግራሶ አላስነካውም" ብለሽ ከአሮጌ ፎጣ ትቀድጂ ነበር። ጨርቁን ሳጥበው ቀይ ክሩ ወጣ፣ ያ የእናትሽ ቀይ ክር። ሰባተኛው ይህ ነው። እኔ ወትፌ እኔ የረሳሁት።

ከጋራዡ መውጣት አቃተኝ። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር። ያሳፈረኝ የባሰው ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው።

ባለፈው እሁድ ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፣ እውነቴን ነው። ዶክተሩ አለ፣ ሐኪም እንዳይመስልሽ፣ ጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ አድርጎ ሞተር ስለሚያዳምጥ የወጣለት ስም ነው፤ እሱ "ምን ይዘህ መጣህ?" ሲለኝ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አፌ ብቻውን ሄደ። "አይጥ" አልኩ። "አይጥ ጨርቅ ጎትታ ላሜራው ውስጥ ጎጆ ሠርታ ኖሯል፣ ልጄ ምንም አላጠፋችም።" ዶክተሩ ጭኑን መታና "ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅቷን ስናማ! ካሳውን አይጧ ትክፈላ!" አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ትከሻዬን መቱኝ፣ "ለልጅህ ደውልላት" አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ ሳቅሁ። አየሽ፣ አንቺም ነጻ ወጣሽ፣ እኔም አልተነካሁ፤ እንዴት ያለ ምቹ አይጥ ነው ያገኘሁት ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

ታፒሴሪው ግን ጨርቁን ተቀብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሄደበት። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሚነካው ክርና ጨርቅ ነው። አጣጥፎ መለሰልኝ። ሁሉም ተበትኖ ሞተሬን ሳስነሳ መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ አይጥ ጨርቅ ትቀድዳለች እንጂ አትዘመዝምም" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ እንዳልሰማ ብሆን እንዲያልፍልኝ። "ይህ የእትዬ እጅ አይደል?" አለኝ ደግሞ። የመኪናዬን ጣሪያ መታ መታ አድርጎልኝ ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ይህን ካልጻፍኩት የላይኛው ሁሉ ጨዋታ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በስልክ የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ? አንድ የጋራዥ ባለቤት አንድ ወር ሞክሮሽ ነበር፣ ሥራው ተስማምቶሽ ነበር፣ ሞተር ክፍል ሊያስገባሽ ነበር፣ ከዚያ ድንገት "ሰው ሞልቷል" ብሎ መለሰሽ። ምክንያቱን አላወቅሁም ብለሽኝ ነበር። እኔ "አይዞሽ" አልኩሽ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሰውየው ቀደም ብሎ ደውሎልኝ ነበር። "አባት፣ ልጅዎ ከርስዎ ጋር ሠርታ እንዳደገች ነግራናለች፣ እጇም ደስ ይላል፣ ሞተር ላይ ልመናት ወይ?" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። እኔም "ትጉህ ናት፣ ሞተር ግን አታስነካት፣ የኔን አቃጥላለች" አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ለልጄ እንኳ የማላዳላ እውነተኛ ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ያን ዕለት አታናግረኝም ነበር። አንቺ ዛሬ ካርቶን የምታሽጊው በዚያ አንድ አረፍተ ነገር ነው።

ለእናትሽ ቀብር ስትመጪ ጋራዡን አልፈሽ ስትሄጂ ዞር ብለሽ አላየሽውም። እኔ ያን ጊዜ "ኩራቷ ነው" አልኩ። የማን ኩራት እንደነበር አሁን አወቅሁት።

ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ይህን ደብዳቤ እሱም ያንብበው፣ አትደብቂው። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ፋርማሲስቱና ባለቤቱ ሰላም ብለውሻል። ታፒሴሪውም በስምሽ ጠርቶ ሰላም ብሎሻል።

አሁን ያለብኝን ዕዳ ልጻፍና ላቁም። ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፣ አንቺም "ተወው አባዬ" እንዳትይኝ።

ለእሁድ ሰዎች፣ የፊታችን እሁድ ጨርቁን ዘርግቼ አይጥ እንዳልነበረች እነግራቸዋለሁ። ይሳቁብኝ፣ የሚያወጡልኝንም ስም እቀበላለሁ።

ለታፒሴሪው፣ ዝም ስላለልኝ አመሰግነዋለሁ፣ ከእንግዲህ ዝም እንዳይልልኝም እነግረዋለሁ።

ካርቡራተሩን ከግድግዳው አውርጄ አጽድቼዋለሁ፣ ተሸክሜ የማመጣው ላንቺ ነው፤ ብትፈልጊ ትገጥሚዋለሽ፣ ባትፈልጊ ትጥይዋለሽ።

ለእናትሽ ያለብኝን እንዴት እንደሚከፈል አላወቅሁም፤ እሱን ሳልሰርዘው ትቼዋለሁ።

ለጋራዡ ባለቤት ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ቁጥሩ አለኝ። ቦታው አልፎ ይሆናል፣ ሰውየውም ረስቶኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ ከኔው አፍ ይስማ።

ላንቺ ያለብኝን በወረቀት አልከፍልም። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው አሉኝ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እመጣለሁ። ደጃፍሽ ላይ፣ ባለቤትሽም አማትሽም ትንሿም እየሰሙ እለዋለሁ። የሰደብኩሽ በሰው ፊት ነው።

አባትሽ
ከቤት፣ ሐሙስ፣ መጋቢት 12