ኪዩቡን ያዞርኩ ቀን

የካቲት 2 ቀን 2002፣ ማክሰኞ

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። የወይዘሮ ወይንሀረግን የክስ ማመልከቻ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓመት ከአራት ወር ሊሆነው ነው። ዝም ብዬ ኖርኩ።

ይኸው፣ ተጻፈ።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አሌክስ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት፣ ዘጠኝ ማመልከቻ መታሁ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ወገቤ አላስቀምጥ ብሎኛል። አሌክስ አዲስ ሲዲ ይዞ ገባ። የቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ በዕድሜ ግን ልጄ ይሆናል።

«ጋሽ ደገፋ፣ አዲሱ ሊኑክስ ወጥቷል። ይሄን ሽበታም ስክሪንዎን ላድስልዎት?»

«ተወኝ።»

«ኧረ መነኑ እኮ! ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ... ግራጫ በግራጫ!»

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። አንድ ጠበቃ፣ «ትሕትና ነው፣ ተዋቸው» አለው።

ትሕትና... አንገቴን ደፋሁ።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ለራሴም አንድ ቀን በቅጡ ተናግሬው አላውቅም።

በፊት ደንበኛ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባ ነበር። ፊደሉን ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል። አሌክስ ሰለቸውና ዩኒቨርሲቲ ያለ ጓደኛው ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነልን። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አያውቀውም ተባልን። እውነትም ደህና ነበር። ግን ከነጌጡ መጣ። መስኮቱን ይዘው ሲጎትቱት እንደ ጄሊ ይወዛወዛል። ሲዘጉት በእሳት ነዶ ይጠፋል። አንዲት እናት፣ «በስመ አብ! ክሴ ተቃጠለ?» ብለው ከወንበር ተነስተዋል። ኪዩቡ ደግሞ... ስክሪኑ አራት ገጽ ያለው ሳጥን ይሆንና ይዞራል። በየገጹ ሌላ ሌላ ሥራ ይቀመጣል።

ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ በታይፕ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ማንም ወደ እጄ አይቶ አያውቅም። ኪዩቡን ሳዞር ግን ሰው ይሰበሰባል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙት!» ሚስቴ ሠርካዲስ ካረፈች ሰባት ወሯ ነበር። ከእሷ ወዲህ ቤት የሚያናግረኝ የለም። እዚህ ይጨበጨብልኛል...

ያን ቀን በአንዱ ገጽ የወይዘሮ ወይንሀረግን ክስ፣ በሌላው የአንዲት ሌላ ሴት የእርቅ ስምምነት ከፍቻለሁ። ሁለቱም የውርስ ጉዳይ። ለእርቁ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር ቀዳሁ፤ «ከአባቴ ውርስ ድርሻዬን ተቀብያለሁ» የሚል። የተሰበሰቡት ኪዩቡን «አዙረው» አሉኝ። አዞርኩ። ሲቆም ፊቴ የመጣው ገጽ የወይዘሮ ወይንሀረግ ነው። አላስተዋልኩም። እዚያ ለጠፍኩት።

የእኛ ቤት ደንብ አንድ ነው። ለማያነብ ሰው ሳይነበብለት ጣት አያርፍም። ሁሌ አነባለሁ። ያን ቀን ግን ሰው ከቦኛል... «እንዳሉኝ ነው፣ ይፈርሙ» አልኳት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነካኋት።

በሳምንቱ ለሌላ ክስ ልገለብጠው ፋይሉን ስከፍት አየሁት። ክሱ ገብቷል። ሮጬ አልነገርኳትም። መስመሩን ከማሽኑ ላይ አጠፋሁና ዘጋሁት። ከዚያ አሌክስን፣ «ጌጡን በሙሉ አንሳልኝ» አልኩት።

የካቲት 8፣ ሰኞ

መጣች። ወይዘሮ ወይንሀረግ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዛ።

ጥር 20 ተፈርዶባታል። አብነት ሰፈር ያለው የአባቷ ቤት ለወንድሟ ለፍሰሐ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ከጓሮ ክፍሏ ትወጣለች፤ ሃያ ዓመት ከኖረችበት። ምክንያቱ? «ከሳሽ ድርሻዋን መቀበሏን ራሷ በክሷ አምናለች።»

«እኔ ይሄን ብያለሁ ጋሽ ደገፋ?»

«እኔማ... እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት።»

«እሱማ! እርስዎን ማን ይጠረጥራል? ያ ፍሰሐ ነው። መዝገብ ውስጥ ገብቶ ወረቀቴን አስቀይሮታል!»

ቀጠለች። «ያኔ የጻፉልኝ ማሽኑ ውስጥ አለ አይደል? ያውጡልኝ። ከይግባኙ ጋር አያይዘዋለሁ። በፎርጅድም እከሰዋለሁ። ይታሰራታል!»

ማሽኑ ውስጥ ያለው እኔ ያጠብኩት ነው። መስመሩ የለበትም። አውጥቼ ብሰጣት ለእሷ ማስረጃ ይሆንላታል። ምንም ያላደረገው ሰውዬ ግን እስር ቤት...

«የማተሚያው ቀለም አልቋል» አልኳት።

ቀለም ነበረ።

የካቲት 9

ዛሬም መጣች። ዛሬም ቀለም የለም አልኳት።

የካቲት 19፣ ዓርብ

አሌክስን ሳየው ዋልኩ። የእሱ ስክሪን ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ኪዩቡ ይዞራል፣ መስኮቱ ይነዳል። ግን ጣት ከማስነካቱ በፊት እያንዳንዷን ቃል ያነባል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አንድ ሽማግሌ፣ «በቃኝ ልጄ፣ አምኜሃለሁ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ እኔማ አልታመንም፣ ይልቅ ያዳምጡ» አላቸው። ሳቁ። አዳመጡም።

ታዲያ ጌጡ ምን አደረገኝ? ራሱ ዞረ? አዞርኩት እንጂ።

ተራውን ስክሪን ስመርጥስ ለሥራው ብዬ ነበር? ሲፈጥን፣ ሲቀል ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን የፈለግኩት ሌላ ነው። ማንም ወደዚህ እንዳያይ። ሰው ትሕትና ሲለው ደግሞ ዝም ብዬ እቀበላለሁ። ይሄ ከመጀመሪያው ጥፋቴ አይብስም?

የካቲት 21፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ልደታ ግቢ ከዛፉ ሥር የንስሐ አባቴን አባ ገብረጊዮርጊስን አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ኪዩቡ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ነው የከበደኝ። በእጄ ሳጥን ሠርቼ አዞርኩላቸው። ስገድ፣ ጹም ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ይቀለኝ ነበር።

«ሴትዮዋ የት ነው የምትኖረው?» አሉኝ።

«አብነት።»

«ቅርብ ነው» አሉ።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

የይግባኙ ጊዜ መጋቢት 20 ያልቃል። አብነት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ከታክሲው ሳልወርድ አለፍኩ። አንዴ በሩ ድረስ ደረስኩ። ልብስ ታሰጣ ነበር። ጀርባዋን አይቼ ተመለስኩ።

ዛሬ የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣሁ። ይሄ ስክሪን ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ብቻ ነው የሚደረድረው። ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ በጣቴ ቆጥሬ መለስኩት። ክሱ የገባው አምና ጥቅምት 20። ፋይሉ መጨረሻ የተነካው ጥቅምት 27። የእኔ እጅ ነው። የእርቁ ስምምነትም አለ፣ ያው ዐረፍተ ነገር ከነነጥቡ።

እሱን ሁሉ አተምኩ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

መጋቢት 10

ኪሴ ውስጥ ነው አሁንም። ደክሞኛል።

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

ራሷ መጣች። «ዛሬስ ቀለም አለ? ስድስት ቀን ነው የቀረኝ እኮ!»

ወረቀቶቹን አወጣሁ። ሰው ተቀምጧል፣ አሌክስ አለ። ይሁን። መጀመሪያ የእርቁን አነበብኩላት። ቀጥሎ የእሷን። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ነገርኳት። ኪዩቡን፣ ጭብጨባውን፣ ያጠፋሁትን መስመር። ቀለሙንም።

ትጮሃለች ብዬ ነበር።

«ጥር ሃያ ዘጠኝ የፍሰሐ ልጅ ተዳረች» አለች። «ክስ ላይ ሆነን እንኳ ጠርቶኝ ነበር። ወረቀቴን የቀየረ ሰው ድግስ አልበላም ብዬ ቀረሁ። ያሳደግኳት ልጅ ናት።»

«ይቅር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ!» አለችኝ። «እርስዎ» ማለቷ ቀረ። «ቆይ፣ አሁን አትበለኝ። የእኔን ይግባኝ አሌክስ ይጽፈዋል። አንተ የራስህን ቃል ጻፍ።»

ስትወጣ አሌክስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ደገፋ፣ እዚህ ላይ ስምዎን ካስገቡ ሊጠየቁ ይችላሉ። ማነው ከዚህ በኋላ እርስዎ ጋ የሚያስጽፈው?»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ማሽን ላይ ላስቀምጥዎት አልችልም... ለጊዜው።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

አንድ ገጽ ለመጻፍ ትናንትና ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴ ሲሆን «እኔ» ካልኩ በኋላ የሚከተለው ጠፋኝ። «በስህተት ተከሰተ» አልኩና ሰረዝኩት። «ሳላነብላት አስፈረምኳት፤ ካወቅኩም በኋላ ደበቅኩ» ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት መዝገብ ቤት ደጃፍ ጠበቀችኝ። ፍሰሐን ሄዳ አናግራዋለች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኩም። ቤቱን ግን አለቅም እንዳለ ከፊቷ ያስታውቃል።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቶቹን ገለጠ።

«ይሄ የመጨረሻው የማን ቃል ነው?»

«የእኔ።»

«ጠበቃ ነዎት?»

«አይደለሁም። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱም የእኔ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና አነበበው። «ይሄን መስጠትዎን ቤተሰብ ያውቃል?» አለ። ቤተሰብ የለኝም አልኩት። እስኪርቢቶውን ወደ እኔ ገፋው።

ይሳካላት አይሳካላት አላውቅም። ዳኞቹ ይቀበሉት ይሆን? ለእኔስ መጥሪያ ይመጣ ይሆን? እሷ ሳትሰናበተኝ ደረጃውን ወረደች። አልቀየምኳትም።

አምስት ቅጠል ወረቀት። አምስተኛው የእኔ ነው። ፈረምኩ፣ ማኅተም አረፈበት። ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ገቢ ሆነ።