ሥራ መልቀቅሽን ከሰው አፍ ሰማሁ

ውዷ ልጄ ፊርደውስ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ አንቺንም፣ ባልሽን ነስሩንም፣ ትንሿን ሂባንም ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ጎረቤታችን አዳነችም ሰላም በይልኝ ብላለች።

ትናንት ግን ክው አልኩልሽ። እዚያ ውጭ አገር አብራሽ የተማረችው ሰሚራ ለእረፍት መጥታ ፒያሳ ሱቄ ጎራ አለች። «ልጄን ድልድይ መሥራቱ አላደከማትም?» ስላት፣ «እትዬ ሀኒፋ፣ የምን ድልድይ? ለነስሩ ሥራ ብለው ከተማ ከቀየሩ ወዲህ ፊርደውስ ቤት ናት። ልጅ የሚይዝላቸው የለም» አለችኝ። የምለካው ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። አንቺና ነስሩ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን አልነበር የተመረቃችሁት? ደግሞ ከእሱ የበለጠ ውጤት ያመጣሽው አንቺ! በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ባልኩሽ ቁጥር «ደህና ነው» ትዪኝ ነበር።

አባትሽ ይናደዳል ብዬ እየፈራሁ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ «እኔ እሷን አዝዬ ስንት ቀን ሱቅ ከፍቻለሁ! ነስሩ ጀርባ የለውም እንዴ?» አለ። እንደዚያ ደንግጬ ሳቄ አመለጠኝ።

ልጄ፣ አልተቆጣሁሽም። ብቻ እውነቱን ከራስሽ አፍ ልስማው። ደግሞ እባክሽ የጥሪ ወረቀት ላኪልኝ። ሂባን እኔ እይዛታለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ፈልጊ። እኔ ወደ አገሬ ስመለስ እንዳትቸገሪ፣ ነስሩን ልጅ ማዘል አስተምሬው ነው የምመጣው።

አላህ የደከምሽበትን ሁሉ ፍሬውን ያሳይሽ።

እናትሽ ሀኒፋ