የአንድ ቢላዋ እኩልነት

ለተከበሩ ጓድ አምባቸው
የመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ማሠሪያ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ያ ስብሰባ የማይታክተው ጉሮሮዎስ ደህና ነው? እኛ የምርጊት ሠራተኞች አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሥራ ስለሌለን እጃችን እንኳ ከጭቃ አርፏል። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ከማስገባት ይልቅ እኛው በለሰንነው የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ዘወትር ሕዝብ ይወቀው ስለሚሉ ነውና ድፍረት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ፊደሉንም የቆጠርኩት እርስዎ በከፈቱት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ስለሆነ ምስጋናው ለእርስዎ ይገባል።

አንደኛ፣ በምርቃቱ ዕለት ጠዋት ከደሴ እንግዶች ሲመጡ እኔንና የምርጊት ጓደኛዬን ሩቂያን ከጭቃው ጠርተው፣ የግንበኛ ማንኪያ አስይዘው መወጣጫው ላይ ስላቆሙን እናመሰግናለን። ሴት መወጣጫ ላይ ከወጣች ሥራ ይጓተታል ብለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የከለከሉን እርስዎ ስለነበሩ፣ ክብሩ ድንገት ዱብ ብሎብናል። እንግዶቹ የሴት ግንበኛ አየን ብለው አጨበጨቡ። እንግዶቹ ወደ ዳሱ ሲገቡም እርስዎ ማንኪያውን ተቀብለው፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እንድንቀዳላቸው ላኩን።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሳው። ሁለት ሰንጋ ተገዝቶ ነበር። የወሎ ቦረና ሰው ለድግስ ሁለት ሰንጋ ሲያይ ምን እንደሚጠብቅ ለእርስዎ አይነገርም፤ አንዱን ክርስቲያን፣ አንዱን እስላም ባርኮ ያርደዋል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ዳስ ተቀምጦ የየራሱን በልቶ አብሮ ይመራረቃል። እርስዎ ግን ሁለቱንም በአንድ ክርስቲያን ቢላዋ አሳረዱና፣ የሁለት ቢላዋ ዘመን አልፏል፣ ከእንግዲህ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚባል የለም፣ የሰፊው ሕዝብ ሥጋ ነው ብለው ንግግር አደረጉ። እኛ እስላሞቹ ያለ ጾም ቀን ጾማችንን ዋልን።

ወላሂ፣ ያቃጠለኝ ረሃቡ አይደለም። ሩቅ አገር ያደገ ሰው ቢያደርገው አያውቅም ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን በልጅነትዎ ለአረፋ ቤታችን ሲመጡ፣ እናቴ የእኛን ሥጋ እንዳይቀምሱና እናትዎ እንዳያዝኑ ተጠንቅቃ ለእርስዎ ለብቻ ገንፎ የምታገነፋልዎ፣ አጥር የምንጋራ የጎረቤት ልጅ ነዎት። ባጎረስን እጃችንን ተነከስን።

ሦስተኛ፣ ግንበኛው ካሳ ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋው አይከለከልበትም ነበር። እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችንን ሲያይ ግን ሳህኑን እንዳለ አስቀምጦ አጠገባችን መጣና ከሩቂያ ቋጠሮ ቆሎ ዘገነ፤ ሌሎቹም ግንበኞች እየተነሡ ተከተሉት። እርስዎ ይህን አድማ አሉት። በማግስቱም ለሥራ ቅልጥፍና በሚል፣ ክርስቲያኖቹን ወደ አጅባር፣ እስላሞቹን ወደ ወግዲ መደቡ። ልዩነት የለም ባሉ በማግስቱ፣ ለዓመታት አንድ ጭቃ ስንረግጥ ያልተለያየነውን ሰዎች በሃይማኖት ለይተው በየመኪናው ስለጫኑን የአመራር ብስለትዎን ሳናደንቅ አናልፍም። ሩቂያ ልጅ ታጠባለች፣ እኔም የታመመች እናት አለችኝና ወግዲ መሄድ ስላልቻልን፣ ከሁለቱም ወገን ሳንሆን እዚሁ ያለ ሥራ ቀርተናል።

ክቡር ሆይ፣ መወጣጫውም ይቅር፣ ሰንጋውም ይቅር። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቻችንን ይመልሱልን፣ እንደ ድሯችን አብረን እንሥራ። እርስዎን የሚያህል አብሮ አደግ ይህን ያደርግብናል ብዬ አላሰብኩም ነበርና እስካሁን ሆዴ አልሻረልኝም።

እድሜዎን አላህ ያርዝመው፣ በእኩልነትዎ ከሁሉም እኩል የተገፋሁ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለሁት ጎረቤትዎ

ሀጀራ አህመድ
ጥር ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን እሁድ የአባትዎ ተዝካር ነው። እናትዎ እትዬ በለጥሻቸው አቅማቸው ባይፈቅድም ከበሬው ሌላ አንድ በግ ገዝተው፣ ለእኛ ባርኮ እንዲያርድልን ትናንት ለአባቴ አስረክበዋል። ካሳም ከአጅባር ይመጣል። እርስዎን እንድጠራላቸው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ ራስዎ ለምን አይጠሩትም ብላቸው፣ አፍሬበታለሁ አሉኝ። በየትኛው ወገን እንደሚቀመጡ ስላላወቁም፣ ለእርስዎ ለብቻዎ ሽሮ ይሠራልዎታል።