የማይምል ሰው ምን ይባላል?

ከጣና ዳር ተነሥቶ ጫሞ ዳር ለሚኖረው ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለኪሩቤል ገብረ ኪዳን፤ ይህ ወረቀት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በሰላም ይድረስልኝ።

ወንድሜ ኪሩቤል፣ እንዴት ሰንብተሃል? እንዴት ከርመሃል? ስድስት ዓመትን በየትኛው ሰላምታ እንደምሸፍነው አላውቅም። ጤናህ እንዴት ነው? በክረምት ውኃ ውስጥ ቆመህ ስትውል ያብጥ የነበረው ቁርጭምጭሚትህስ ተሻለህ? የዚያ አገር ሙቀት ተስማማህ? ጫሞ አዞ አለበት ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ዓሣ ስበልት እንኳ የአንተ እግር ትዝ ይለኛል። ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ስትታመምስ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለ? ሳልጠይቅህ የኖርሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስጠይቅህ "ምን ነካት?" እንደምትል አውቃለሁ። በል፤ ይገባኛል።

እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እናታችን አርጅታለች። ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ቀኙም ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያት። ደጅ ላይ የወንድ ኮቴ በሰማች ቁጥር ስምህን ትጠራለች፤ የሚገባው ግን አንዴ ጎረቤት ነው፣ አንዴ የቀበሌ ሰው። አንተ ከሄድህ ጀምሮ ዓሣ በአፏ አልዞረም። የዓሣ አስጋሪ እናት ሆና ሽሮ ብቻ ትበላለች። እኔ ያው ነኝ፤ ባሕር ዳር እየወጣሁ ገበያው ጥግ ዓሣ እጠብሳለሁ። ምላሴም እንደምታውቀው ነው፤ ዘይት ቢያቃጥለኝ ዘይቱን እሰድባለሁ።

ያለህበትን የነገረኝ ደንበኛዬ የወረታው ነጋዴ ኑርሑሴን ነው። ሙዝ ሊጭን አርባ ምንጭ ወርዶ ሐይቁ ዳር ሲያርፍ፣ ፀሐይ ላይ በተሰጣ መረብ ላይ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ማንሳፈፊያ አየ። "ይህ የእኛ አገር ሰው እጅ ነው" ብሎ ባለቤቱን ቢፈልግ አንተ ሆነህ ተገኘህ። ስለ እኛ ብዙ ሊያወራህ ሲጀምር ወደ መረብህ እንደዞርህ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ "ልጄ ትማራለች?" ብለህ እንደጠየቅኸው ነገረኝ። ትማራለች፤ አምስተኛ ክፍል ናት። ይህንም ወረቀት ይዞልህ የሚመጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኪሩቤል፣ መረቡ ተገኘ።

ባለፈው ወር ቀበሌው ለእንቦጭ ነቀላ ሰው ሁሉ ይውጣ ብሎ ወጣን። አረሙ አንተ ከምታውቀው ብሷል፤ አንዳንድ ቀን ሐይቁ የት ላይ እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ከብቶቹ መስክ መስሏቸው ሊገቡበት ይቃጣቸዋል። ወንዶቹ እስከ ደረታቸው ገብተው እየጎተቱ ያወጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ላይ እንከምራለን። ከትልቁ ሾላ ማዶ፣ ደንገሉ ከሚጠናበት ጥግ፣ የአስጋሪዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሀዲስ አንዱን ሥር ይዞ ቢስብ አልመጣ አለው። ሦስት ሰው ጨምረው ሳቡት። ከሥሩ ጋር ጭቃ የጠጣ መረብ ተጎልጉሎ ወጣ። ሰው ሁሉ የማን ይሆን ሲል እኔ ማንሳፈፊያዎቹን አየሁ። ሰማያዊው የአንተ አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው፤ ቢጫው የእኔ። መካከል ላይ ያለው ቀዩ፣ ጣት የማያክለው፣ ከልጅህ ከዜማ የመጀመሪያ ጫማ የቆረጥነው ነው። ያን ክረምት እኔና አንተ ደጃፍ ተቀምጠን እየተሟገትን እያንዳንዷን ቋጠሮ ያሰርንበት መረብ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

ነገሩ ወዲያው ለሁላችንም ገባን። መረቡን በዘረጋህበት ማታ ብርቱ ነፋስ ነበር። የእንቦጩ ንጣፍ ከሰሜን ተገፍቶ ሲመጣ መረቡን ከነድንጋዩ ነቅሎ ወሰደው፤ ደንገሉ ውስጥ ገብቶም ሰጠመ። አንተ በማግሥቱ ጠዋት ያልኸን ይህንኑ ነበር። "አረሙ ወስዶት ይሆናል፤ በታንኳ እንዙር" ብለህ ለመንኸን። ያኔ ግን እንቦጭ ከሰሜኑ ወደ እኛ ዳር ገና መድረሱ ነበር፤ ቅጠል መረብ ይወስዳል ብሎ የሚያምንህ አልተገኘም። መረቡ የወጣ ዕለት ሀዲስ "እንዲያ ከሆነማ ሌባው እንቦጭ ነዋ!" ብሎ ሰው አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንቦጭ ነፋስ የሚገፋው አረም ነው፤ ምላስ የለውም፣ ሰውንም ከአገሩ አያስወጣም።

ያን የመሐላ ቀን ሳላነሣ ባልፍ ይህ ወረቀት ውሸት ይሆናል። አንተም ታስታውሰዋለህ፣ ግን እኔም እንደማስታውሰው እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እንደ ደንባችን በዚያ ማታ ሐይቅ ላይ የነበረ ሁሉ ሚካኤል ደጅ ተሰልፎ ማለ። አሥራ አንዱ ተራ በተራ "ሚካኤል ይፍረድብኝ" እያሉ አለፉ። ተራህ ሲደርስ "እኔ አልሰረቅሁም። መሐላ ግን አልምልም፤ አባቴ ከልክለውኛል" አልህ። አባታችን መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "የእውነተኛ ሰው ቃሉ ይበቃዋል፤ መሐላ የሚሻው ቃሉ የጎደለበት ነው" እያሉ እንዳሳደጉን ከአንተ እኩል አውቃለሁ። እንዲያውም በልጅነት "በማርያም" ስል ሰምተውኝ አርጩሜ የቀመስሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።

ሀዲስ ወደ እኔ ዞሮ "የመረቡ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ምን ትያለሽ?" አለኝ። "ወንድሜን አምነዋለሁ" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን መረቡ ክሩ በእኔ ገንዘብ ተገዝቶ ገና ለሦስተኛ ጊዜ ነበር ውኃ የነካው፤ ተናድጄ ነበር፤ ሰውም ሁሉ ያየኝ ነበር። "የማይምል ሰው ምን ይባላል?" አልሁ። ከኋላ አንዱ "ሌባ!" አለ። አንተ ቃሉን ወዳወጣው ሰው እንኳ አልዞርህም፤ ቀና ብለህ እኔን ብቻ አየኸኝ። "የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ" ሲሉ ሰማሁና ዝም አልሁ። በማግሥቱ እናቷ በወሊድ የሞተችባትን የአምስት ዓመት ልጅህን ለእናታችን አደራ ብለህ ወጣህ። እኔን አልተሰናበትኸኝም።

ስድስት ዓመት በምን እንደተጽናናሁ ልንገርህ? "እኔ ሌባ አላልሁትም፤ ያለው ሌላ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ብቻ ነው" እያልሁ። ዓሣ ስጠብስ እሱን እላለሁ፤ ልብስ ሳጥብ እሱን እላለሁ። እናታችን አንድ ቀን ታዝባኝ "ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ። እኔ ልጄን አምነዋለሁ፤ አንቺን እንጃ" አለችኝ። ጀሪካኔን አንሥቼ ወጣሁ፤ ሦስት ቀንም አላናገርኋት።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ደረስሁ። ዜማ እንዴት ያለች ልጅ መሰለችህ! የእጅ ጽሕፈቷ የአባታችን ነው፤ ቁጣዋ የአንተ፤ ስትከፋ ዝም ትላለች። እኔን "እማ" እያለች ነው ያደገችው። መረቡ ከመገኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የአማርኛ ደብተሯን ስገልጥ አንድ የቤት ሥራ አየሁ፤ የቃላቱን ትርጉም ጻፉ፣ ዓረፍተ ነገርም ሥሩባቸው የሚል። አራተኛው ቃል "ስርቆት" ነበር። ትርጉሙን "የሰውን ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ መውሰድ" ብላዋለች። ከሥሩ ደግሞ "አባቴ በስርቆት ምክንያት ከአገር ወጣ" ብላ ጽፋለች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል አድርጎበታል። ምን ያድርግ፣ ዓረፍተ ነገሩ እኮ ጉድለት የለበትም።

ማን ነገረሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ማንስ ያልነገራት አለና ነው የምጠይቃት? ውኃ ስትቀዳም፣ ትምህርት ቤት ስትሄድም የሚባለውን ሰምታለች። ከእኔ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን "አይደለም" የሚል ቃል አልሰማችም። ደብተሩን ከደንሁና ወደ ዓሣዬ ሄድሁ። ያን ቀን ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስሁም።

መረቡ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ አባ ወልደ ጻድቅን አስፈቅጄ እዚያው ደጅ ላይ ቆምሁ። መረቡን መሬት ላይ ዘረጋሁና "ወንድሜ አልሰረቀም። ቃሉን ያላመንሁት እኔ ነኝ" አልሁ። ሀዲስ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። አባ ወልደ ጻድቅም "ሲምሉ ቆሜ የነበርሁ እኔ ነኝ፤ ከአሥራ ሁለቱ ከቶ አትማሉ የሚለውን የወንጌሉን ቃል የጠበቀው እሱ ብቻ ነበር" አሉ። ማኅበሩ ቦታህን መልሶልሃል፤ ሽማግሌ ልከን እናምጣው የሚሉም አሉ። ይህን የምጽፍልህ ደስ ይበልህ ብዬ አይደለም። አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጅ አሥራ አንድ ሞልቷታል፤ እሱን የሚመልስልህ ማኅበር የለም።

ዜማ ከልጆቹ መካከል ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ቤት እንደገባን "መረቡን ማንም ካልሰረቀው አባቴ ለምን ሄደ?" አለችኝ። በመሐላው ቀን ምን እንዳልሁ ቃል በቃል ነገርኋት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ደብተሯን አወጣችና ጣቷን ምራቅ እያስነካች ያን ዓረፍተ ነገር ትፈትገው ጀመር፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ፈተገችው። የመምህሩ ቀይ ምልክት ግን ዳሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እማ" አትለኝም። እንደ ጎረቤት ልጆች "እትዬ ፀሐይወርቅ" ትለኛለች። ልቤ ተሰበረ ኪሩቤል። ይገባኛል ብዬሃለሁ፤ ግን የሚገባም ነገር ያምማል።

ና። ለእኔ ብለህ አይደለም። እኔን ይቅር ማለት ቢያቅትህ እኔን አልፈህ እናታችን ጋ ግባ፤ ውጪልኝ ብትለኝም እወጣለሁ። መምጣቱ ካልሆነልህ ልጅህን ይዤልህ እመጣለሁ፤ አድርሻት በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በሚካኤል ብሎ ይማጸንህ ነበር። እኔ ከእንግዲህ አልምልም። ና ብቻ ነው የምልህ።

እናታችን ጉንጭህን በመዳፏ እንደምትዳስስ ሆና ሰላም ትልሃለች፤ "ዓይኔ ሳይጨልም" በይልኝ ብላኛለች። አባ ወልደ ጻድቅ በመስቀላቸው ይባርኩሃል። ሀዲስ በምን አፌ ሰላም በይው ልበልሽ ብሎኛል፤ እኔም በዚያው አፍህ ብዬዋለሁ።

የዜማን ሰላምታ ግን ልነግርህ አልችልም። ትናንት ከዚያው ደብተር አንድ ገጽ ገንጥላ ጻፈችና አጠፈችው። ከመረቡ ቀዩን ቁራጭ ቆርጣ ከውስጡ ከተተች፣ በመረቡም ክር አራቱንም ጠርዝ ሰፍታ "ለአባቴ ይሁን" ብላ ሰጠችኝ። የልጅ ስፌት ነው፤ በጣቴ ላላ አድርጌ አንብቤ መልሼ ብሰፋው አንተም እሷም አታውቁም። ስለ እኔ ምን እንዳለችህ፣ "እማ" ብላ ይሁን "እትዬ" ብላ፣ ለማወቅ የማልሰጠው ነገር የለም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ አየሁት። ግን ትርጉሙን በራሷ እጅ ጽፋው አንብቤዋለሁ፤ የሰውን ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ መውሰድ። አልከፈትሁትም።

እኅትህ ፀሐይወርቅ ገብረ ኪዳን
ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ዙሪያ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.