መዥገር በሳቢያን መንጋ

ሐምሌ 28

ዛሬም ላሜን ዳለቻን መዥገር ለቀምኩላት። ከጆሮዋ፣ ከጅራቷ ስር፣ ከግቷ ዙሪያ። ደም ጠጥተው ያበጡ፣ ሰማያዊ የሚመስሉ። በራሴ ወረንጦ ነው የምለቅመው፤ ምድር ባቡር ሳለሁ ከተረፈ ሽቦ የሠራሁት። ታይዋን ገበያ የሚሸጠው እኮ መዥገሯን ሳይነቅል ራሱ ይጣመማል።

የለቀምኳቸውን እንደ ልማዴ ከአጥር ማዶ ወረወርኩ። በእሳት አላቃጥልም፤ በእሳት መቅጣት የአላህ ብቻ ነው። ግቢዬ ውስጥም አልጨፈልቅም። የምሰግድበት ግቢ ነው፣ ደም ምን ያደርግለታል?

ረፋድ ላይ ዓብዩ መጣ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው ይባላል። ነጭ ስኒከር ተጫምቶ በረት የሚገባ ባለሙያ! አዲስ አበባ ስለተማረ "እርስዎ" ይለኛል። እዚህ አገር እርስዎ የሚባል ሰው ወይ ታሟል ወይ ተከሷል።

"አባባ ኢስማዒል፣ የፊታችን ቅዳሜ የሳቢያን ሰፈር ላሞች በሙሉ የመዥገር መድኃኒት አንድ ላይ ይረጫሉ። የእርስዎም ትምጣ።"

አትመጣም።

"ሁሉም ካልተረጨ የአንዱ ለሌላው ይተርፋል እኮ..."

የኔ ለማንም አይተርፍም አልኩት። እኔ በጣቴ ነው የምጠብቃት። መርዝ የተረጨች ላም ወተትም አልጠጣም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያ ሊያነብልኝ ጀመረ። ለኔ! ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ቆጥሬ የሞተር መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። በሩን አሳየሁት።

ነሐሴ 5

ረጩ። ሜዳው ላይ ሰውም ላምም ተደባልቆ... ሰርግ ነው የሚመስለው። ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁ።

ጎረቤቴ ዳሃቦ ሦስቱን ላሞቿን እየነዳች አለፈች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወተት ሸጣ ነው የምትኖረው። ምላሷ ግን የሀብታም ነው።

"ወሪያ ኢስማዒል! ያንተዋ ላም ናት ወይስ ሙሽራ? ለርጭት እንኳ አትወጣም?"

ሰው ሳቀ። እርጉዝ ላም ናት፣ የፈረንጅ ዲቃላ ናት፣ እንዳንቺዎቹ ኮተት አይደለችም አልኳት። የባሰ ሳቁ። ይሳቁ።

ነሐሴ 19

የዳሃቦ ቀይ ላም ደም የመሰለ ሽንት ሸናች። ሃሊሞ ናት የነገረችኝ። የሰፈሩን ላሞች፣ የኔንም ጭምር፣ ጠዋት ሰብስባ ግጦሽ የምታወርደውና ማታ የምትመልሰው እሷ ናት፤ አይታለች።

አልገረመኝም። ያ በረት መቼ ተጠርጎ ያውቃል? ተረጭታም ነበር እኮ! መርዙ ታዲያ ምን ሠራ? ያ ባለ ስኒከር ምን ይላል አሁን?

ለሃሊሞ ቁርጡን ነገርኳት። የዳሃቦ ላሞች ካሉ የኔ የለችም። ከመስጊድ ስንወጣም ላም ያላቸውን ሰበሰብኩ። በሽተኛ ከመንጋ ይውጣ አልኳቸው፣ ሦስቱም የዳሃቦ ላሞች። ማንም አልተቃወመም። ሁሉም ጫማውን ሲፈልግ ቆየ። ዝም ማለት እሺ ማለት ነው።

ነሐሴ 23

የዳሃቦ ላሞች ቤት ውለዋል። ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። ጆሮ አያሳርፉም።

ልጄ ሱሀይራ ከሱቅ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"አባ፣ ቀይዋ እኮ በመርፌ ድናለች። ሣር ግን በግዢ አይዘለቅም። ዳሃቦ ለከዚራ ሰፈር ደንበኞቿ ወተቱን ግማሽ ግማሽ ነው የምትሰጠው። ሌላ ሰው ከያዙ በምን ትኖራለች?"

ግድ የለም፣ ውሃ ትጨምርበታለች አልኳት።

እራቷን ሳትበላ ተነሳች። በዚህ ዘመን እውነት የተናገረ ብቻውን ይበላል። በላሁ።

ጳጉሜ 2

ዳለቻ አላመሰኳችም። ጆሮዋ ወድቋል፣ ሰውነቷ እሳት ነው።

ሙቀቱ ይሆናል። ድሬዳዋ ናት...

ጳጉሜ 3

ሽንቷ ቀይ ነው።

እንዴት? የዳሃቦ ላሞች አጠገቧ ከደረሱ ስንት ጊዜ ሆነ! እኔ በየቀኑ እለቅማለሁ። እንዴት?

ሱሀይራ ሳትጠይቀኝ ዓብዩ ጋ ደወለች። በባጃጅ መጣ። ቦቲ ተጫምቷል፣ ተማረ ማለት ነው። የዓይኗን ውስጥ ገልጦ አየ፤ ነጥቷል። መርፌ ወጋት። ከዚያ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና፣

"የሚለቅሟቸውን የት ያደርጓቸዋል?" አለኝ።

አጥሩን አሳየሁት።

ከአጥሩ ማዶ መንጋው፣ ዳለቻም አብራ፣ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ነው። የኔ የውሃ በርሜል ሞልቶ የሚፈሰው ወደዚያ ስለሆነ ሣሩ በጋም ክረምትም አረንጓዴ ነው። የዳሃቦ በር የሚከፈተውም እዚያው ላይ ነው። ላሞቿ ሲወጡም ሲገቡም አፋቸውን የሚያሳርፉበት ሣር ነው...

ዓብዩ ሱሀይራን ነጭ ፎጣ ጠየቃት። ይዞ ወጣ፣ በሣሩ ላይ እየጎተተ ሄደ፣ ተመለሰ። ፎጣውን ፊቴ ዘረጋው።

የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቁንዶ በርበሬው ይሄዳል።

"ገና የተፈለፈሉ ናቸው" አለ። "ደም የጠገበች አንዷ ብቻዋን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በሽታውንም ለልጆቿ ታወርሳለች። ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ላም ሲያልፍ ይጠብቃሉ። ላሞቹ ቢረጩም መድኃኒቱ ሲለቅ እንደገና ይሰቀሉባቸዋል።"

ፎጣው ቀድሞም ቆሻሻ ነበር አልኩ።

"አባ" አለች ሱሀይራ፣ "አሁን ነው ከላስቲኩ ያወጣሁት።"

ጳጉሜ 5

ዳለቻ ጨነገፈች። ወንድ ነበር።

መስከረም 3

ዳለቻ ቆማለች። ትንሽ ትንሽ ትበላለች።

የበርሜሉን መፍሰሻ ደፈንኩ። ሣሩን አጭጄ አፈሩ እስኪታይ ድረስ ፋቅኩት። ሱሀይራ ላግዝህ አለች። አይሆንም አልኳት። ዓብዩ ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ሰጠኝ፤ የሚለቀመው እዚያ ይሰምጣል። ይኸው ነው። እሳት የለው፣ ደም የለው። ይሄ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ? ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ጭንቅላት ጣሳ አያስብም?

ማታ ሃሊሞ ጋ ሄድኩ። የዳሃቦ ላሞች ከነገ ጀምሮ ይውረዱ አልኳት።

"እኔ አላስወጣኋቸውም፣ አዴር አጎቴ። ያስወጣ ያስገባ።"

ዳሃቦ ጋ ሄድኩ። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ደጇን ረግጬ አላውቅም። ሣሩ ከኔ ነበር፣ መዥገሩም ከኔ ነበር፣ አልኳት። ሌላ የሚጨመር አልነበረኝም። ላሞችሽን አውጪ አልኳት።

"ሹክ ነው የምትለኝ?" አለች። ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። "መስጊድ በር ላይ በቀን፣ በሰው ፊት አስወጣኸኝ። ዛሬ በጨለማ መጥተህ አውጪ ትላለህ? ደንበኞቼ ሄደዋል። ሰው ወተቴን ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል። በሽታው ከኔ እንዳልሆነ ማን ያውቃል፣ አንተና ግድግዳው?"

ምን ላድርግ? አልኳት።

"ገመዱን ራስህ ይዘህ ትነዳቸዋለህ። በትልቁ መንገድ። ባጃጆቹ ጋ፣ ሻይ ቤቱ ጋ፣ ሰው ሁሉ እያየ።"

እብድ ናት። ወጣሁ።

መስከረም 5

ቅዳሜ። ሁለተኛው ርጭት። ዳለቻን ወሰድኩ። ጆሮዋን ራሴ ያዝኩላት። ዓብዩ መድኃኒቱን ሲለካ አጠገቡ ቆሜ መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አልተሳሳተም። ተሳስቶ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

የዳሃቦ ላሞች አልመጡም። ሁሉም ካልተረጨ... ብሎኝ ነበር ልጁ። ማንም ዳሃቦ የት አለች ብሎ አልጠየቀም። ያን ቀን ጫማቸውን ሲፈልጉ የነበሩት ሁሉ አሉ። ፈሪዎች። እኔ ስናገር ዝም፣ እኔ ዝም ስል ዝም።

ፈሪ ያልኩት ማንን ነው?

መስከረም 7

በጠዋት የዳሃቦን በር አንኳኳሁ። ወጣች። የቀይዋን ገመድ እጄ ላይ አኖረችው። ሁለቱ ተከተሉ፣ እሷም ከኋላ።

በትልቁ መንገድ ሄድን። ቀይዋ መራመድ አታውቅም። የሰው አጥር ትልሳለች፣ የቆመ ባጃጅ ታሸታለች፣ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ታስባለች። ሻይ ቤቱ ጋ ስንደርስ እግሬን ረገጠችው። ገመዱን አልለቀቅኩም።

"አዴር ኢስማዒል!" አለ አንዱ ባለ ባጃጅ። "ዳሃቦ ቀጠረችህ እንዴ?"

"አዎ" አልኩ።

ሳቁ። ቆምኩ። ሁሉም እንዲሰማ በምድር ባቡር ድምፄ ተናገርኩ። በሽታው ከኔ አጥር ስር ነው የተነሳው። የዚህች ሴት ላሞች ንጹህ ናቸው። ወተት የፈለገ ከሷ ይግዛ፣ ያልፈለገ የዱቄት ወተቱን ይበጥብጥ።

ሳቁ ቆመ። ከሻይ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ወጥታ፣ "ዳሃቦ፣ ለማታ አንድ ሊትር አስቀምጪልኝ" አለች። አንድ ሰው ነው። አንድም ቢሆን።

ሃሊሞ ሦስቱን ከመንጋው ቀላቀለቻቸው። የቀይዋን ገመድ ፈታሁላት። ዳሃቦ ገመዱን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች።

አልሰጠኋትም። ስድ ያደጉ ላሞች ናቸው፤ ነገም የሚነዳቸው ሰው ያስፈልጋል።